የዕቁብ ዳኛው ያውቀናል፣ ክሬዲት ቢሮው ግን አያውቀንም

ባለፈው ቪዲዮ በጥድፊያ የነካካሁትን ጉዳይ ዛሬ በጽሑፍ ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው። «ቁጥሮቹን ጻፍልን፣ ደጋግመን እንድናየው» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «አገር እንዲህ ሆና አንተ ስለ ባንክ ታወራለህ ወይ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አወራለሁ። ምክንያቱም እዚህ እኛ ስንዳከም እዚያ ያለው ቤተሰብ አብሮ ይዳከማል። ደግሞም የምንኖርበት ስቴት ልጆቻችንን የሚነካ ሕግ አውጥቶ እኛ ሳንሰማው ማለፍ የለበትም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ እንጂ የፋይናንስ ባለሙያ አይደለሁም። ሕጉን አንብቤ የገባኝን ነው የማካፍላችሁ። ውሳኔ ላይ ስትደርሱ የሚመለከተውን ባለሙያ ጠይቁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የኮሎራዶ ምክር ቤት በ2025 ኤችቢ 25-1192 የተባለ ሕግ አውጥቶ ገዥው ጃሬድ ፖሊስ ፈርመውበታል። በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ከ2026-27 የትምህርት ዘመን ጀምሮ 9ኛ ክፍል የሚገባ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ የግል ገንዘብ አያያዝ ትምህርት ሳይወስድ ከሃይስኩል አይመረቅም። ማለትም በ2030 ጋውን ለብሰው የሚመረቁት የኦቨርላንድ፣ የሬንጅቪው፣ የሂንክሊ ልጆች ስለ በጀት፣ ስለ ክሬዲት፣ ስለ ብድርና ወለድ፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ቁጠባና ኢንቨስትመንት ተምረው ነው የሚወጡት። ከዚሁ ጋር የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ፣ ፋፍሳ የምንለው፣ አሞላሉም ተካቷል።

ይህ ብቻውን የመጣ ነገር አይደለም። በ2021 ኤስቢ 21-148 የተባለ ሌላ ሕግ በስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ሥር ነዋሪው ደህና ባንክና ደህና ብድር እንዲያገኝ፣ በገንዘብ ጉዳይ ምክር እንዲያገኝ የሚሠራ ቢሮ አቋቁሟል። የዴንቨር ከተማም የራሱ ተመሳሳይ ቢሮ አለው፤ ቁጭ ብሎ የሚያማክር ሰው በነፃ ያቀርባል። በነፃ! ስንቶቻችን እናውቃለን?

ትምህርቱ ይጠቅማል ወይ ለሚለው፣ ከእኛ ቀድመው የጀመሩ ስቴቶች አሉ። በጆርጂያ፣ በአይዳሆና በቴክሳስ ትምህርቱ ግዴታ ከሆነ በኋላ የተመረቁ ወጣቶችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ክሬዲት ስኮራቸው ከፍ ማለቱን፣ ክፍያ ማዘግየታቸውም መቀነሱን አግኝተዋል። ስለዚህ ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። ደግፌዋለሁ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጁ ይማራል፤ አባትየውስ? እናትየውስ? የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው፣ የመኪናውን ብድር የሚፈርመው፣ ታክስ የሚያሠራው ማነው? የ14 ዓመቱ ልጅ አይደለም። እኛ ነን።

ቁጠባማ እናውቃለን

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኢትዮጵያዊ ቁጠባ አያውቅም የሚለኝ ካለ አልስማማም። ሃቫና ስትሪትን ከስድስተኛ አቬኑ ጀምራችሁ እስከ ዳርትማውዝ ድረስ ንዱት። ምግብ ቤቱን፣ የእንጀራና የበርበሬ መሸጫውን፣ ፀጉር ቤቱን፣ ገንዘብ መላኪያውን እዩ። የወገኖቻችንን ባለቤቶች «መነሻ ገንዘብ ከየት አገኘህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከባንክ ያለ ጥቂት ነው፤ ከዕቁብና ከዘመድ ያለ ብዙ ነው። የታክሲውን ሥራ እዩ። ዩኒየን ታክሲ በ2009 ሥራ ሲጀምር፣ ከዓመታት በኋላም ግሪን ታክሲ 800 ገደማ ሾፌር ይዞ ሲቋቋም ባለቤቶቹ ራሳቸው ሾፌሮቹ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ። በግሪን ታክሲ አንድ አባል 2,000 ዶላር አዋጥቶ ነው የገባው። ገንዘብ አሰባስቦ ኩባንያ ማቋቋም የቻለ ሰው ቁጠባ አያውቅም አይባልም።

እስቲ ዕቁብን በቁጥር እንየው። 20 ሰው በወር 1,000 ዶላር ቢጥል በየወሩ አንድ ሰው 20,000 ዶላር ይወስዳል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው 19,000 ዶላር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ 19 ወር ይከፍላል። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ 19 ወር ያለ ወለድ ቆጠበ ማለት ነው። ማመልከቻ የለ፣ ክሬዲት ቼክ የለ፣ ዋሱ ስምህ ነው። ወለድ በሃይማኖቱ ለማይፈቀድለት ወገናችን ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ችግሩ የት ላይ ነው? አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳታሳልፍ ዕቁብህን ጥለህ፣ የዕቁብ ዳኛው «እሱማ ቃሉ ወርቅ ነው» እያለ ሲመሰክርልህ፣ ባንክ ስትሄድ አንተን የሚያውቅ የለም። ኢኳፋክስ አያውቅህም፣ ኤክስፔሪያን አያውቅህም፣ ትራንስዩኒየን አያውቅህም። አሥር ዓመት የጠበቅከው ቃል እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ዜሮ ነው። ከዚያ ሃቫና ላይ ካሉት መኪና መሸጫዎች ወደ አንዱ ትገባለህ፤ ለኡበር የምትነዳት ቶዮታ ካምሪ ላይ ክሬዲት የሌለው ሰው ወለድ ይጭኑብሃል። ትፈርማለህ፤ ነገ ሥራ አለብህና።

እንግዲህ የእኛ ጉድለት እዚህ ነው። ገንዘብ ማጠራቀም እንችላለን። ያልተማርነው ይህ አገር ሰውን የሚመዝንበትን ወረቀት ነው። ክሬዲት ሪፖርት፣ የታክስ ሪተርን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ፣ የጡረታ አካውንት። ስማችን በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ከሌለ ወይም አንሶ ከታየ፣ በዕቁቡ ስንት ብናጠራቅም ይህ አገር እንደሌለን ይቆጥረዋል።

ታክስ ላይ ያሳነስነው ገቢ ጡረታ ላይ ይመጣል

ይቺን በተለይ ሾፌሮች ስሙኝ። እኛ በ1099 የምንሠራ ሰዎች ነን። በ2025 የታክስ ዓመት አይአርኤስ ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም እንድንቀንስ ይፈቅዳል። 60,000 ዶላር ገቢ ያለው ሰው 50,000 ማይል ቢነዳ 35,000 ዶላር ይቀንሳል፤ የቀረው 25,000 ነው። ይህ ሕጋዊ መብት ነው፣ አትጠቀሙበት አልልም። ማይሉን በትክክል መዝግባችሁ ቀንሱ። ግን ሦስት ነገር አብሮ እንደሚመጣ እወቁ።

አንደኛ፣ የቤት ብድር ስትጠይቁ ባንኩ የሚነሳው «በወር ይሄን ያህል እሠራለሁ» ከምትሉት ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ካለው የተጣራ ገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ስለሆነ ቢያንስ 10 ዓመት ነው። በ2025 አንድ ክሬዲት ለማግኘት 1,810 ዶላር፣ ለአራቱ 7,240 ዶላር የተጣራ ገቢ ማስመዝገብ ያስፈልግ ነበር። ሦስተኛ፣ የጡረታው መጠን የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ካገኛችሁባቸው 35 ዓመታት ነው። በ38 ዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በ67 ጡረታ ቢወጣ የሠራው 29 ዓመት ነው። የጎደሉት 6 ዓመታት ዜሮ ሆነው ይገባሉ፤ የሠራባቸውም ዓመታት አንሰው ከተመዘገቡ ጡረታው ለኪራይም አይበቃም።

ከዚህ ላይ ደግሞ «ካሹን አታስገባው፣ ማን ያይሃል» የሚል መካሪ አለ። ወገን፣ ያ ምክር በሕግ ከማስጠየቁም በላይ ከራስህ እርጅና ላይ መስረቅ ነው። ሜዲኬርም ቢሆን የሆስፒታሉን ክፍል ያለ ወርሃዊ ክፍያ የምናገኘው በእነዚሁ 40 ክሬዲቶች ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ በየዓመቱ የተመዘገበላችሁን ገቢ ማየት ትችላላችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የዚህን ጽሑፍ ቀሪ ክፍል ባታነቡት እንኳ ይህችን አድርጉ።

«አለቃዬ 5 በመቶ ቆረጠብኝ»

በየምግብ ቤቱና በየሱቁ ከሚሠሩ ልጆች የምሰማው ወሬ አለ። «ከደሞዜ 5 በመቶ ይቆረጣል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አለቃዬ ነው መሰለኝ የሚወስደው» ይላሉ። አለቃው አይደለም። ኮሎራዶ ሴኪዩር ሴቪንግስ የሚባል የስቴቱ ፕሮግራም ነው።

በ2020 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በ2023 ሥራ ጀመረ። አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው፣ ሁለት ዓመት የሠራ፣ የራሱ የጡረታ ፕላን የሌለው ድርጅት ሁሉ ሠራተኞቹን ማስመዝገብ አለበት፤ ካላደረገ በሠራተኛ በዓመት 100 ዶላር፣ እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። የሃቫና ባለ ሬስቶራንቶች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። ከሠራተኛው ደሞዝ 5 በመቶ ተቆርጦ ሮት አይአርኤ በሚባል በራሱ በሠራተኛው ስም በተከፈተ የጡረታ አካውንት ይገባል። ሥራ ቢቀይር ገንዘቡ አብሮት ይሄዳል። ካልፈለገ መውጣት ይችላል፣ መጠኑንም መቀየር ይችላል። በግሉ የሚሠራ ሰው፣ እንደ እኔ ያለ ሾፌርም ቢሆን፣ ራሱ ገብቶ መመዝገብ ይችላል።

ብዙ ወገኖች ግን ምን እንደሆነ ሳይገባቸው «አውጡኝ» ብለው ይወጣሉ። እስቲ ሒሳቡን እዩት። አንድ ሰው በወር 100 ዶላር ቢያስቀምጥና በዓመት በአማካይ 6 በመቶ ቢያድግ ብለን እንገምት፤ ገበያ ነው፣ ዋስትና የለውም፣ ይወርዳልም ይወጣልም። በ40 ዓመቱ የጀመረ ሰው 67 ሲሞላው 32,400 ዶላር አስገብቶ ወደ 80,000 ዶላር ገደማ ይኖረዋል። በ20 ዓመቱ የጀመረው ልጁ 56,400 አስገብቶ ከ310,000 በላይ ይኖረዋል። ልጁ የበለጠው በገቢ ሳይሆን በጊዜ ነው። ትምህርቱ በሃይስኩል መሰጠቱ ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ይህንን ሒሳብ ስሠራ ነው።

ዕቁብ ይህን አይሠራም። ዕቁብ 20,000 ከሰጠኸው 20,000 ይመልስልሃል፤ ለመኪና፣ ለሱቅ፣ ለቤት ቅድመ ክፍያ አሪፍ ነው። ለእርጅና ግን ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል።

ማመልከቻ ስላልተሞላ የሚቀር ገንዘብ

አሁን ወደ ልጆች ልምጣ። ኮሌጅኢንቨስት የሚባለው የስቴቱ ድርጅት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ወዲህ ለተወለዱ ወይም በማደጎ ለተወሰዱ የኮሎራዶ ልጆች 529 በሚባለው የትምህርት ቁጠባ አካውንት 100 ዶላር በነፃ ያስገባል። ፌደራል መንግሥቱም በ2025 ባወጣው ሕግ ከ2025 እስከ 2028 መጨረሻ ለሚወለዱ፣ ዜግነትና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ላላቸው ልጆች 1,000 ዶላር መነሻ የሚሆን አካውንት ፈቅዷል። ሁለቱም ዝም ብለው ቤት ድረስ አይመጡም፤ ወላጅ ማመልከት አለበት። ክርስትና ላይ፣ ዓቂቃ ላይ ለሕፃኑ ገንዘብ እንሸልም የለ? ይህንንም አብረን እናስታውሳቸው።

ትልቁ ግን ኮሎራዶ ፕሮሚስ ነው። በ2024 በወጣ ሕግ፣ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ 90,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የኮሎራዶ ተማሪ በሕዝብ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከእርዳታና ከስኮላርሺፕ የተረፈውን የትምህርትና የክፍያ ወጪ በታክስ ተመላሽ ያገኛል። ሃይስኩል በጨረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መግባትና ውጤቱን መጠበቅ አለበት። ዋናው ቅድመ ሁኔታ ግን ፋፍሳ፣ ያን መሙላት የማይችል ደግሞ ካስፋ የሚባለውን የስቴቱን ማመልከቻ መሙላት ነው።

እዚህ ላይ ነው አባትና እናት የሚያስፈልጉት። ፋፍሳ የወላጅን የታክስ መረጃና ፈቃድ ይጠይቃል። ልጁ ክፍል ውስጥ አሞላሉን ተምሮ መጥቶ «አባዬ፣ የታክስ ወረቀትህን አሳየኝ» ሲል፣ «አንተ ምን አገባህ፣ የእኔን ገንዘብ ለትምህርት ቤት ልትናገር ነው?» ብለን ብንመልሰው ሕጉም ትምህርቱም እኛ በር ላይ ያበቃል። በእኛ ቤት ስለ ደሞዝ ከልጅ ጋር አይወራም። አባት ስንት እንደሚሠራ ልጅ አያውቅም፤ ለአገር ቤት ስንት እንደሚላክ አያውቅም። ባህሉን እረዳለሁ፣ ልጁ እንዳይጨነቅ ነው። ግን የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ቢል፣ የባንክ ስልክ ሲመጣ ያንኑ ልጅ አይደል እንዴ አስተርጓሚ የምናደርገው? ችግሩን እያስተረጎምነው ገቢውን ከደበቅነው ልጁ የሚማረው ገንዘብ ጭንቀት መሆኑን ብቻ ነው።

ሁለት አገር ላለው ሰው የሚሆን ትምህርት

የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የማይነግራቸው፣ እኛ ግን በየወሩ የምንኖረው ነገር ደግሞ አለ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በካሽ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ፌደራል ታክስ አለ። ከአሜሪካ ባንክ አካውንት ወይም እዚህ በተሰጠ ዴቢትና ክሬዲት ካርድ ከተላከ ይህ ታክስ አይነካውም። በወር 500 ዶላር በካሽ የሚልክ ሰው በዓመት 60 ዶላር ይከፍላል፤ በካርድ ቢልክ ይህ ታክስ ዜሮ ነው። 60 ዶላር እናታችን ቤት ሲደርስ ምን እንደሚሠራ አስቡት።

ሁለተኛ፣ የዕቁብ ገንዘብ። ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ባንክ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ክስ አይደለም፤ የተለመደ ፎርም ነው። ወንጀል የሚሆነው ከዚያ ሪፖርት ለማምለጥ ሲባል 20,000 ዶላሩን ዛሬ 9,000፣ ነገ 9,000 እያሉ ከፋፍሎ ማስገባት ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ከፋፍሎ ማስገባቱ ራሱ በፌደራል ሕግ ያስከስሳል። «ጓደኛዬ እንዲህ አድርግ ብሎኝ ነው» አያድንም። በግልጽ አስገቡ፣ የዕቁቡን መዝገብ ቅጂ ያዙ። ከተቻለ መጣሉም በባንክ ይሁን።

ሦስተኛ፣ አገር ቤት በብር የምናስቀምጠው። ጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ ውስጥ ብር የነበረው ሰው ቁጥሩ አልተነካም፤ በዶላር ሲመዘን ግን ግማሽ ገደማው ሄደ። ይህ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በሁለት ገንዘብ የሚኖር ሰው የምንዛሪ አደጋን ማወቅ አለበት ለማለት ነው። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል፤ «አክሲዮን ግዙ» የሚሉ ስልኮች ይበዛሉ። ማነው የሚሸጠው? ፈቃዱን ማን ሰጠው? የእኔ ዜግነትስ ይፈቅዳል ወይ? የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ2024 ሲሸጥ ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ነበር፤ ፓስፖርት የቀየረ ሰው መግዛት አይችልም ነበር። ሳይጠይቁ መላክ ይቅር።

መንግሥት በአንድ እጁ ሲያስተምር

አሁን ትችቴን ልናገር። ትምህርት ጥሩ ነው፤ ግን መንግሥት ችግሩን ሁሉ «ሕዝቡ ስላልተማረ ነው» ብሎ ማለፍ አይችልም። ፔይዴይ ሎን የሚባለውን አስታውሱ። በ2018 የኮሎራዶ ሕዝብ ፕሮፖዚሽን 111ን አጽድቆ በዓመት ከ36 በመቶ በላይ እንዳያስከፍሉ ገደበ። ያ አንድ ሕግ ከሺህ በራሪ ወረቀት በላይ ሠርቷል። ሰው ምን ያህል ቢማር ልጁ ታሞ ገንዘብ ሲያጣ የተገኘውን ይበደራል። ስለዚህ ሕግም ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ይኸው ስቴት በ2019 በሕዝብ ድምፅ የስፖርት ውርርድን ፈቅዶ ከሜይ 2020 ጀምሮ በስልክ ይጫወቱታል፤ ታክሱም በአብዛኛው ለውሃ ፕሮጀክት ይሄዳል። በ2020 ደግሞ በብላክ ሃውክና በሌሎቹ የተራራ ከተሞች ካሲኖዎች ላይ የነበረው የ100 ዶላር የውርርድ ጣሪያ እንዲነሳ መንገድ ተከፈተ። ከካሲኖው ታክስ ከፊሉ የሚሄደው ለማን መሰላችሁ? ለኮሚኒቲ ኮሌጆች። እንግዲህ ልጁን ክፍል ውስጥ «ቆጥብ» ይለዋል፣ አባትየው ብላክ ሃውክ ላይ በተበላው ብር ደግሞ ኮሌጁን ይደጉማል።

ይህ ነገር እኛን አይመለከተንም እንዳትሉ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ስልኩ ላይ ውርርድ የሚጫወት ስንት ሰው እንዳለ ሾፌር የሆነ ሁሉ ያውቃል። በዚህ የተነሳ የፈረሰ ትዳር፣ ወስዶ የጠፋ የዕቁብ አባል ሁላችንም ሰምተናል። ስም አንጠራም፤ ዝም ብለን ግን ማለፍ የለብንም። የሃይማኖት አባቶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ ይህን በአደባባይ አንሱት።

ምን እንጠይቅ?

ሕጉ ወጥቷል፣ ቢሮዎቹ አሉ፣ ገንዘቡም በጀት ተይዞለታል። የሚጎድለው ወደ እኛ የሚደርስበት መንገድ ነው። እኔ ሦስት ነገር እንጠይቅ እላለሁ።

አንደኛ፣ ቋንቋ። ኦሮራ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከስፓኒሽ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። ግን የገንዘብ ትምህርቱ ወረቀት በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ልጆቹ በክፍል የሚማሩትን ለወላጅ የሚያስረዳ ሁለት ገጽ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ማዘጋጀት ለትምህርት ቤቶቹ ከባድ አይደለም። የሚጠይቅ ወላጅ ግን ያስፈልጋል። የቦርድ ስብሰባ ክፍት ነው፤ እጅ አውጥቶ መናገር ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ዕቁብን ወደ ወረቀት ማምጣት። ይህ ህልም አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሚሽን አሴት ፈንድ የሚባል ድርጅት ከ2008 ጀምሮ ልክ እንደ ዕቁብ ያለ ወለድ የሚዞር የስደተኞች ማኅበር አቋቁሞ፣ አባላቱ በየወሩ የሚከፍሉትን ለክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርት ያደርጋል። ካሊፎርኒያም በ2014 ይህን አሠራር በሕግ እውቅና ሰጥታዋለች። እዚያ የሜክሲኮው ታንዳ ክሬዲት ካስገኘ እዚህ የእኛ ዕቁብ ለምን አያስገኝም? የዐቃቤ ሕጉ የፋይናንስ ቢሮና የምክር ቤት ተወካዮቻችን ይህን ከእኛ ሰምተው አያውቁ ይሆናል። ይስሙ። ለሚፈልጉ ዕቁቦች ብቻ ይሁን፣ በፈቃድ ይሁን፤ መንገዱ ግን ይከፈት።

ሦስተኛ፣ ዕድር። ዕድራችን ሰው ሲሞት ያስተባብራል፣ ተባረኩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ በሕይወት ላለው ይሰብሰብ። አንዱን ስብሰባ ከታክስ ወቅት በፊት አድርጎ አንድ የታክስ ባለሙያ፣ አንድ የስቴቱ ሰው ይጥራ። ክፍያ የማይጠይቁ የአይአርኤስ በጎ ፈቃደኞች የታክስ እገዛም አለ፤ ቪታ ይባላል፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ይሠራል። አዳራሹ የእኛ፣ ቡናው የእኛ፣ ቋንቋው የእኛ ከሆነ ሰው ይመጣል።

እስከዚያው በየቤታችን የሚሠራ ነገር አለ። ልጃችሁ ትምህርቱን ሲጀምር የቤት ሥራውን እሑድ ቡና ላይ ያምጣው። እሱ ክሬዲት ምን እንደሆነ ያስረዳ፤ እናንተ ደግሞ ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ለአያቱ በወር ስንት እንደምትልኩና ለምን እንደምትልኩ ንገሩት። ከሁለታችሁ የጎደለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይሞላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ዕቁባችሁ ለክሬዲት ሪፖርት ቢደረግ ትፈቅዳላችሁ ወይስ «መንግሥት እጁን አያስገባ» ትላላችሁ? ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ ኮሜንቶቻችሁን እያነበብኩ እንወያይበታለን። ጽሑፉን 8ኛና 9ኛ ክፍል ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ሼር አድርጉልኝ። መልካም ሥራ፣ መልካም መንገድ። ሰላም ሁኑ።